ከጉኑኖ እስከ ጫሞ፦ ባለጀልባውን ማን መረጠው?

በጉኑኖ ገበያ ቅቤ የምትገዛ እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ሳትፈታ፣ ሳታሸትና ከሥሩ ገልጣ ሳታይ ገንዘቧን ከመቀነቷ አታወጣም። ዶሮ ስትገዛም ደረቷን ዳስሳ፣ ክንፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን አይታ ነው። ይህችው ጠንቃቃ እናት ግን ልጆቿን አስከትላ ወደ አርባ ምንጭ ለመዝናናት በወረደች ጊዜ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ቀድሞ የጠራትን ባለጀልባ ተከትላ ትሳፈራለች። ለቅቤው ያደረገችውን ጥያቄ ሩቡን ያህል እንኳ ለጀልባው አታደርግም። የዛሬው የሴቶችና የቤተሰብ ዓምዳችን የሚነጋገረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሆናል።

በመስከረም ወር የወላይታ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ሲከበር፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በሥራና በትምህርት የቆዩ ልጆች ወደየቀያቸው ይመለሳሉ። በዳሞት ሶሬ ወረዳ በምትገኘው ጉኑኖም ቤቱ ሁሉ በዘመድ ይሞላል። ሥጋው ተበልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከልጆቹ አንዱ፣ «እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ስትደክም ኖራለች፤ እስቲ አንድ ቀን ሐይቅ እናሳያት» የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። መንገዱም ቀላል ነው፤ ከጉኑኖ ሶዶ፣ ከሶዶም ሁምቦንና ምዕራብ አባያን እያለፉ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ አርባ ምንጭ ይደረሳል።

ይሁን እንጂ ከዚህ መንገድ ጋር አብሮ የሚለወጥ ነገር አለ። ጉኑኖ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ አገር ናት። ሕዝቧ የሚያውቀው ውሃ የሚቀዳ ምንጭ ወይም በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ዋና የሚችል ልጅ ቢገኝም ጥቂት ነው፤ ዋና የምትችል እናት ማግኘት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ከዚያ ወደ 900 ሜትር ዝቅ ብሎ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ይናወጣል፤ በውስጡም አዞና ጉማሬ በብዛት ይኖሩበታል። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣውም እነዚህን ለማየት፣ ይልቁንም የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ የአዞ ገበያ ተብሎ የሚጠራውን ስፍራ ለመጎብኘት ነው። በዚያ ዳርቻ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ፤ አንዳንዶቹም ርዝመታቸው 5 ሜትርን ያልፋል።

ከጫሞ በስተሰሜን ያለው አባያ የወላይታን ዞን በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚያዋስን ሐይቅ ነው። ውሃው ቀላ ያለው ዝናብ ከደጋው ጠርጎ የሚያመጣው ደቃቅ ሸክላ ስለማይዘቅጥበት ነው። ከደጋው የወረደውን አፈር እዚያ ስናገኘው የሚያሳዝን ነገር አለው፤ ይህ ግን የሌላ ጊዜ ርዕስ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ነጥብ፣ በቀላ ውሃ ውስጥ ያለ አዞ ጭራሽ የማይታይ መሆኑ ነው። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. በአባያ ዳርቻ ለምእመናን የውሃ ጥምቀት ይሰጡ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው ማለፉን የዓለም ዜና ማሰራጫዎች ሳይቀሩ ዘግበውታል። በዙሪያቸው ብዙ ሰው ቆሞ ሳለ ነበር የደረሰባቸው። ስለሆነም ልጆች በመንገድ ላይ መኪና ቆሞ በሚታረፍበት ጊዜ እግራቸውን ለማቀዝቀዝ ወደ ሐይቁ እንዳይሮጡ መከልከል ጭካኔ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጀልባው እንመለስ። ምርጫው ሐይቁ ዳር ከደረሱ በኋላ የሚደረግ ከሆነ ምርጫነቱ ቀርቷል። ልጆቹ ውሃውን አይተው እየዘለሉ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ሦስት ባለጀልባዎች በአንድ ጊዜ እየተጣሩ ሰከን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። የሚሻለው በዋዜማው፣ በሚያድሩበት ቤትና በከተማው በሚያውቁት ሰው በኩል ጠይቆ፣ ባለጀልባውን በስልክ ወይም በአካል አነጋግሮ መጨረስ ነው። ባለጀልባው ፈቃድ ያለውና የሚታወቅ፣ ለከፈሉትም ደረሰኝ የሚሰጥ መሆን ይኖርበታል። ደረሰኙን ብዙዎቻችን ለሒሳብ ብቻ የሚጠቅም ወረቀት አድርገን እናየዋለን። ጥቅሙ ከዚያ ያልፋል። ጀልባው የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው ይዞ በስንት ሰዓት እንደወጣ በዳርቻው ላይ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ባይመለስ የሚፈልገው ሰውም አይኖርም።

ሁለት ባለጀልባዎችን በዓይነ ሕሊናችን እናቁም። አንደኛው፣ «እማማ፣ ይግቡ ይግቡ፣ ቦታ ሞልቷል፤ ለእርስዎ ዋጋ እቀንሳለሁ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «እናቴ፣ ሕፃኗን ከጀርባዎ አውርደው ጃኬት እስክናለብሳት ድረስ አንነሳም። ስምንት ሰው ነኝ ካሉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የምንሄደው» ብሎ ያስቸግራል። ጨዋነት የሚመስለው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሁለተኛው ነገረኛ ይመስላል። በዚህ ዓምድ አዘጋጅ አስተያየት ግን ገንዘብ የሚገባው ለሁለተኛው ነው። ገና ገንዘቡን ሳይቀበል «አይሆንም» ማለት የቻለ ሰው፣ ሐይቁ መካከል ነፋስ ሲነሳም «እንመለስ» ማለት ይችላል።

ብዙዎች ላይፍ ጃኬት ስለሚሉት የመንሳፈፊያ ጃኬት ጥቂት በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። «ጃኬት አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነውና። ጃኬቱ ያለው ግን ከመቀመጫው ሥር ተጎዝጉዞ፣ ወይም ትራስ ሆኖ፣ ወይም ማሰሪያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አንሥቶ ማየት፣ ማሰሪያውን መሳብ፣ ውስጡ ውሃ ጠጥቶ የከበደ እንደሆነ መመዘን ተገቢ ነው። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም። ልጁን አልብሰው፣ ማሰሪያውን ሁሉ ካጠበቁ በኋላ በትከሻው በኩል ያለውን የጃኬቱን ጫፍ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጃኬቱ ተነሥቶ አገጩንና ጆሮውን ካለፈ፣ ውሃ ውስጥ ልጁ ወደ ታች ሾልኮ ጃኬቱ ብቻውን ይንሳፈፋል ማለት ነው። ለትንንሽ ልጆች በእግሮቻቸው መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ጃኬት ይመረጣል። ባለጀልባው ለልጅ የሚሆን ጃኬት ከሌለው፣ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ቤተሰብ ግን ባለጀልባው አይደለም።

በአንቀልባ ማዘል ለእናቶቻችን ሁለተኛ ተፈጥሮ ሆኗል። ሕፃኑ ጀርባ ላይ ሲሆን የትም ከመሆን ይልቅ ሰላም ያለ ይመስላል፤ በመንገድ ላይ እውነት ነው፤ በጀልባ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ሕፃን ያዘለች እናት ጃኬቱን በትክክል ማሰር አትችልም። ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ጃኬቱ በጀርባዋ እንድትንሳፈፍ ሊያደርጋት ስለሚችል፣ የታዘለው ሕፃን ከእናቱ በታች ይቀራል። አንቀልባው ውሃ ከነካው በኋላ ቋጠሮው በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ሕፃኑ የራሱን ጃኬት ለብሶ በእናቱ ወይም በአባቱ ጭን ላይ ተይዞ ይቀመጥ። ለሕፃኑ የሚበቃ ጃኬት ካልተገኘ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ከሕፃኑ ጋር በዳርቻው ይቅር። ጋቢና ነጠላም ከጃኬቱ ሥር ተጠምጥሞ ሳይሆን ከላይ ጣል ተደርጎ፣ ሲያስፈልግ በአንድ እጅ የሚወረወር መሆን አለበት።

የሰው ብዛት ሌላው ነገር ነው። ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ መጠየቅና የራስን ቤተሰብ መቁጠር ቀላል ሒሳብ ነው። ባልተከለከለበት ጊዜ ግን የእኛ ዘመድ ወዳድነት ሒሳቡን ያበላሸዋል፤ «እሷ ትንሽ ናት፣ እኔ አቅፋታለሁ» እየተባለ ጀልባው ከውሃው በላይ አንድ ክንድ እንኳ ሳይተርፈው ይነሳል። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የደንበኛው ነው። ዋጋውን እስከ መጨረሻው ተከራክሮ ያስቀነሰ ቤተሰብ፣ ባለጀልባው የጎደለበትን በሌላ ተሳፋሪ ሲሞላ ሊገረም አይገባውም። ጀልባውን ሙሉውን ሲከራዩ ሌላ ሰው እንደማይጨመር አስቀድሞ መስማማት ይበጃል። ጀልባው በቁጥር ልክ ቢሆንም እንኳ፣ አዞ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል ሁሉም ፎቶግራፍ ለማንሳት ወደ ቀኝ ከተነሳ ሚዛኑ ይጠፋል። ደህና ባለጀልባ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ይህንን ይናገራል፤ «ማንም አይቆምም፣ እኔ ጀልባውን አዞርላችኋለሁ፣ ሁላችሁም በየተራ ታያላችሁ» ይላል። ይህን ሳይናገር የሚነሳ ከሆነ ሌላውንም ሳያስብበት ነው የመጣው።

ጀልባው ውስጥ ዓይን ሊያርፍባቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ሞተሩ ቢጠፋ የሚቀዘፍበት መቅዘፊያ፣ የገባ ውሃ የሚጨለፍበት ዕቃ፣ ትርፍ ነዳጅ፣ እንዲሁም ባትሪው የሞላ ስልክ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ ባለጀልባውን ራሱን መጠየቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ማለዳ መውጣት ይመረጣል። ጉኑኖን ንጋት ላይ ለቅቆ በዚያው ቀን ማታ ለመመለስ የሚያቅድ ቤተሰብ ሐይቁ ዳር የሚደርሰው ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ደክሞትና ቸኩሎ ነው። የቸኮለ ቤተሰብ ደግሞ ነፋስ ቢነሳም «እስከዚህ መጥተን?» ብሎ ይሳፈራል። አንድ ሌሊት አርባ ምንጭ ማደር ወጪ እንዳለው አይካድም። ቢሆንም ወጪው ከሌላ ነገር ላይ ተቀንሶ ሌሊቱ ቢታደር፣ ጠዋት ሰላማዊውን ውሃ ማየት ይቻላል፤ ነፋሱ ጠዋትም ቢነሳ ጥቂት ለመጠበቅ ጊዜ አለ።

ጉማሬን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው አዞን እንጂ እሱን አይደለም። ጉማሬ ሣር በሊታ ነው፤ ግልገል ሲኖረው ወይም መውጫው ሲዘጋበት ግን ጀልባ ይገለብጣል። ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ የጉማሬ መንጋ ከሩቅ ሲያይ ሞተሩን ያለዝባል፣ ዙሪያ ገባውን ሰፋ አድርጎ ያልፋል። በዚህ ጊዜ፣ «ጠጋ በልልን እንጂ፣ ጉርሻህን አናጓድልም» የሚለው ተሳፋሪ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ደህናውን ባለሙያ የምናበላሸው እኛው ነን። ጠጋ ያለው ጉርሻ እየተቀበለ ራቅ ያለው እየተወቀሰ ከቆየ፣ ከጊዜ በኋላ በሐይቁ ላይ የሚቀሩት የሚጠጉት ብቻ ይሆናሉ።

በመጨረሻ ቆጠራ አለ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በሌላው ዓለም ምን ዓይነት ዋጋ እንዳስከፈለ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1998 በአውስትራሊያ ታላቁ የዛጎል ድንጋይ አጥር ላይ፣ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር በጀልባ ሄደው ወደ ባሕሩ ጠለቁ። ጀልባዋ ስትመለስ ተሳፋሪው በትክክል አልተቆጠረም ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ባሕር ውስጥ ቀሩ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዕቃቸው ጀልባዋ ላይ መገኘቱን መነሻ በማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ አልተገኙም። በዚያች ጀልባ ላይ የሞተርም የአየር ሁኔታም ችግር አልነበረም፤ የጎደለው ስም እየጠሩ መቁጠር ነበር። በጫሞም በአዞ ገበያ በኩል ሲመለሱ ወይም ቤተሰቡ በሁለት ጀልባ ተከፍሎ ሲሄድ፣ ሲወጡም ሲገቡም ልጆችን በየስማቸው መጥራት የእናት ሥራ ብቻ ሳይሆን የባለጀልባውም ሥራ ነው።

ይህ ታሪክ ወደ ሌላ ውሃ ይወስደናል። ከወላይታ ወጥተው በአሜሪካ፣ በአረብ አገሮችና በሌላም ስፍራ የሚኖሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ከእነሱም መካከል ዕረፍታቸውን በካሪቢያን ደሴቶች ወይም በቀይ ባሕር አካባቢ የሚያሳልፉ፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ የመጥለቁን ጨዋታ፣ ስኩባ የሚባለውን፣ ለመሞከር የሚፈልጉ አሉ። ለአገራችን ቅርብ የሆነው ስፍራ ጅቡቲ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ አካባቢ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ፣ ሰው የማይነካ ዓሣ ስለሚታይ ጠላቂዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። ወላጆች፣ «ልጄ ባሕር ውስጥ ልትገባ ነው» የሚል ዜና ሲሰሙ ከመደንገጥ በቀር የሚጠይቁት አያውቁም። የሚጠየቀው ግን ከጫሞው እምብዛም የራቀ አይደለም።

የመጥለቅ ጉዳይ በአየር ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። 10 ሜትር ላይ ሆኖ በሳንባ የተሳበ አየር፣ ሰውየው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ በእጥፍ ይሰፋል፤ ሳንባንም ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ትንፋሽን አለመያዝ፣ ሁለተኛው ቀስ ብሎ መውጣት ነው። ይህንን በአንድ ጠዋት፣ ጀልባው ላይ በሚደረግ የአሥር ደቂቃ ንግግር ብቻ አስተምሮ የሚያጠልቅ ድርጅት አይመረጥም። ደህናው ድርጅት መጀመሪያ በረጋና ጥልቀት በሌለው ውሃ ያለማምዳል፤ ለአንድ አስተማሪ የሚመደቡትም ጀማሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ከአራት ከበለጡ ሌላ ቦታ መፈለግ ይበጃል። የምስክር ወረቀት አለኝ የሚለውንም ሰው ወረቀቱን አሳየኝ ይለዋል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀት የሚፈቀደው እስከ 18 ሜትር ስለሆነ ከዚያ በታች አይወስደውም። ሲሊንደሩ የተመረመረበት ቀን ታትሞበታል፤ ሊታይ ይችላል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር ምንም ሽታ ሊኖረው አይገባም፤ የጭስ ወይም የዘይት ሽታ ካለው አየሩ ንጹሕ አይደለም ማለት ነው። ጀልባው ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ኦክሲጅን መኖሩንና በቅርብ የሚገኘው የግፊት ማከሚያ ክፍል የት እንደሆነ መጠየቅም ነውር የለበትም።

ከሁሉም በላይ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ስለ ጤንነት የሚጠይቅ ቅጽ የሚሰጥ ድርጅት ደስ ሊለን ይገባል። አስም፣ የልብና የጆሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መጥለቅ የለበትም። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ መጥለቅ የለባትም፤ ግፊቱ በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና። የቅጹን ጥያቄ ሁሉ በችኮላ «የለብኝም» እያሉ መሙላት ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ሽርሽሩ እንዳይቀር ሲሉ እርግዝናቸውን የሚደብቁ አዲስ ሙሽሮች ቢኖሩ አይገርምም፤ በባሕሩ ገጽ ላይ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ እየተንሳፈፉ ዓሣውን ማየት እንደሚቻል ቢያውቁ ግን ባልደበቁት ነበር።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ የተለየ ነገር አለ፤ በሌላ አገር የታተሙት ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ አውሮፕላን ነው። ከጥልቀት የወጣ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን አለበት። ወዲያው ወደ ከፍታ ቢወጣ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅ እግር ይደነዝዛል፣ ሽባ እስከ ማድረግም ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ እንዳይበር ይመከራል። ከጅቡቲ ወደ አገር የሚመለስ ሰው ግን በአውሮፕላን ባይሄድም እንኳ ያው ነው። ባቡሩም መኪናውም ከባሕር ወለል ተነሥቶ ድሬዳዋ ላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ያወጣዋል። ጉኑኖ የሚገባም ሰው 2,000 ሜትር ላይ ነው። «በምድር ነው የምሄደው፣ ችግር የለም» የሚል የባሕር ዳር አስጎብኚ ካጋጠመ፣ ደጋ አገር አያውቅም ማለት ነው።

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ሁለት ጊዜ ጠልቆ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከውሃ የወጣ ሰው 18 ሰዓቱ የሚሞላለት ረቡዕ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። መሣፈሪያው ማለዳ የሚነሳ ከሆነ ቲኬቱን ለሐሙስ ይቁረጥ። ረቡዕን በጅቡቲ ከተማ ገበያ ሲዞር፣ ጉኑኖ ለምትጠብቀው እናቱ የሚሆን ሻሽ ሲመርጥ ሊውል ይችላል።